ለሸክላ ማጫወቻ ካርትሪጅ አመራረጥ፦ ከክንዱ እስከ መርፌው ጫፍ

ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ድምፁን ለማሻሻል ሲያስብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርትሪጁ ላይ ነው፤ ማረፉም ተገቢ ነው። በሸክላው ቦይ ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ይኸው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ግራም በታች የሚመዝን ዕቃ ስለሆነ፣ እርሱ ያላነበበውን ነገር ከእርሱ በኋላ የሚመጣ አምፕሊፋየርም ሆነ ስፒከር ሊያመጣው አይችልም። ሆኖም ካርትሪጅ ለብቻው የሚመረጥ ዕቃ አይደለም። የሚሸከመው ክንድ አለ፣ የሚያጎላለት ፎኖ ፕሪአምፕ አለ፤ ከሁለቱ ጋር ካልተስማማ ስመ ጥርና ውድ የሆነው ካርትሪጅ እንኳ በመካከለኛው ይበለጣል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የምንሄደው ብዙ ገዢዎች በሚሄዱበት አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ነው፦ በቅድሚያ በእጃችን ያለውን ዕቃ እንመረምራለን፣ በእርሱ ምክንያት የማይሆኑትን ካርትሪጆች እናስወጣለን፣ ገንዘባችንን ደግሞ በቀሩት መካከል ስንመርጥ በመርፌው ጫፍ ላይ እናውለዋለን።

መጀመሪያ የካርትሪጁን አሠራር በአጭሩ

በስቴሪዮ ሸክላ ላይ ቦዩ ሁለት ግድግዳዎች አሉት፤ እያንዳንዱም 45 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ወደ ሸክላው መሐል የሚቀርበው የውስጠኛው ግድግዳ የግራውን ድምፅ፣ የውጭኛው ደግሞ የቀኙን ይይዛል። የአልማዙ ጫፍ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ሲወዛወዝ ካንቲሊቨር የሚባለውን ቀጭን ዘንግ ያንቀሳቅሳል፤ ዘንጉም በሌላው ጫፉ ማግኔት ወይም የሽቦ ጥቅል ያንቀሳቅሳል። ማግኔቱ ተንቀሳቅሶ ሽቦው ባለበት ከረጋ ካርትሪጁ ሙቪንግ ማግኔት ይባላል። ሽቦው ተንቀሳቅሶ ማግኔቱ ከረጋ ሙቪንግ ኮይል ነው። ሁለቱም ረግተው በመካከላቸው ትንሽ ብረት የሚንቀሳቀስበት ሙቪንግ አይረን የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ለገዢው ግን አያያዙ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሙቪንግ ማግኔት ነው።

ከእነዚህ ውጭ በርካሽና በሻንጣ መልክ በሚሠሩ ማጫወቻዎች ላይ የሚገኘው የሴራሚክ ካርትሪጅ አለ። ይህ ዓይነቱ ብዙ ግራም የሚደርስ ጫና በሸክላው ላይ ያሳርፋል፤ በዚያ ክንድ ላይ ከታች የሚዘረዘሩትን ካርትሪጆች መግጠምም በአብዛኛው አይቻልም። ማጫወቻዎ የዚህ ዓይነት ከሆነ ገንዘብዎን ለካርትሪጅ ከማውጣት ይልቅ ለማጫወቻው ለውጥ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ።

አንደኛ እርምጃ፦ ክንዱ ምን ይቀበላል?

ማጫወቻውን ያጥፉና የክንዱን ጫፍ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ይመልከቱ። ካርትሪጁ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ከላይ ወደ ታች ከታሰረና በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ክንዱ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበትን የግማሽ ኢንች አገጣጠም ይቀበላል፤ የምርጫዎም በር ሰፊ ነው። ካርትሪጁ ከኋላው ባሉት አራት እግሮች በቀጥታ ክንዱ ውስጥ የሚሰካና በጎኑ በአንዲት ብሎን የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ቲ4ፒ የሚባለው ነው። በዚህ ሥርዓት የካርትሪጁ ክብደት 6 ግራም፣ የመርፌው ጫና 1.25 ግራም ገደማ ሆኖ አስቀድሞ ስለተወሰነ ስሌት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ለዚህ አገጣጠም የሚሠሩት ካርትሪጆች ጥቂት ናቸው። ሄድሼል (ካርትሪጁ የሚታሰርበት የክንዱ ጫፍ) እና ካርትሪጅ አንድ አካል ሆነው የሚሠሩም አሉ፤ እነዚህ የሚገጥሙት ሄድሼሉ በቀለበት ተፈትቶ በሚወጣ ክንድ ላይ ብቻ ነው።

ቀጥለው የማጫወቻውን መመሪያ መጽሐፍ አውጥተው ሦስት ነገሮች ይጻፉ። የመጀመሪያው የክንዱ ውጤታማ ክብደት ነው፤ ይህ በሚዛን የሚመዘነው ክብደት ሳይሆን መርፌው ክንዱን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው ክብደት ነው። ሁለተኛው ከክንዱ ጀርባ ያለው ማመዛዘኛ ሊያመጣጥን የሚችለው የካርትሪጅ ክብደት፣ ከስንት ግራም እስከ ስንት ግራም እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ አምራቾች የሄድሼሉን ክብደት ጨምረው ይጽፋሉ፣ ሌሎች ደግሞ የካርትሪጁን ብቻ። ሦስተኛው የክንዱ ቁመት ከፍና ዝቅ ይል እንደሆነ ነው። ቁመቱ የማይለወጥ ከሆነ ከነባሩ ካርትሪጅ ጋር ተቀራራቢ ቁመት ያለውን መፈለግ ወይም በክንዱ መቀመጫ ሥር ስስ ማስገቢያ መጨመር ያስፈልጋል።

የሚሽከረከረው ሳህን ከምን እንደተሠራም ይመልከቱ። ማግኔት የሚስበው ብረት ከሆነ ጠንካራ ማግኔት ያለው ሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ ወደ ሳህኑ ይሳባል፤ በዚህም በሚዛን ለክተው ያስቀመጡት ጫና ሸክላው ላይ ሲደርስ ሌላ ይሆናል። አሉሚኒየም፣ ብርጭቆና አክሪሊክ ይህ ችግር የለባቸውም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ፎኖ ፕሪአምፑ ምን ያህል ያጎላል?

ከካርትሪጅ የሚወጣው ቮልቴጅ እጅግ ትንሽ ነው። ሙቪንግ ማግኔት በአማካይ ከ2.5 እስከ 6 ሚሊቮልት ያመነጫል። ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሙቪንግ ኮይል ግን ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ከ1.5 ሚሊቮልት በላይ የሚሰጥ ከፍተኛ ኃይል ያለው ሙቪንግ ኮይልም ይገኛል። ፎኖ ፕሪአምፑ ይህን ጥቂት ኃይል ከማጉላቱም ሌላ፣ ሸክላ ሲቆረጥ ሆን ተብሎ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅና የተጨመረውን ቀጭን ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የአርአይኤኤ መስፈርት መሠረት ወደ ልኩ ይመልሳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 40 ዴሲቤል ማጉላት ማለት በ100 ማባዛት፣ 60 ዴሲቤል ደግሞ በ1,000 ማባዛት ነው። 4 ሚሊቮልት የሚሰጥ ካርትሪጅ በ40 ዴሲቤል 0.4 ቮልት ይሆናል፤ ለአብዛኛው አምፕሊፋየር ይህ በቂ ነው። 0.3 ሚሊቮልት የሚሰጠው የዴኖን ዲኤል-103 ሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ ግን በዚያው በ40 ዴሲቤል 0.03 ቮልት ብቻ ስለሚሆን ድምፅ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ቢያዞሩት እንኳ ሙዚቃው ከሹክሹክታ አያልፍም፤ ከሙዚቃው ይልቅ የመሣሪያው የ«ሽ» ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ለእርሱ 60 ዴሲቤል የሚያጎላ ክፍል ወይም ከፕሪአምፑ በፊት የሚገባ፣ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ፕሪአምፑ ማጫወቻው ውስጥ የተሠራ ወይም አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» ተብሎ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ የተሰጠ መግቢያ ከሆነ፣ ለሙቪንግ ማግኔት ብቻ የተሠራ ነው ብለው ቢነሡ አይሳሳቱም። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ከዝቅተኛ ሙቪንግ ኮይል እንዲርቅ እመክራለሁ። ሙቪንግ ኮይል በራሱ ይበልጣል የሚለው አስተያየት የተስፋፋው በዚህ አሠራር ብዙ ምርጥ ካርትሪጆች ስለተሠሩ ነው። በአንድ ዓይነት በጀት ግን ጥሩ ጫፍ ያለው ሙቪንግ ማግኔት ተራ ጫፍ ካለው ሙቪንግ ኮይል የተሻለ ንባብ ይሰጣል፤ ለትራንስፎርመር ወይም ለአዲስ ፕሪአምፕ ሊወጣ የነበረውም ገንዘብ ይተርፋል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ካርትሪጁና ክንዱ ይስማማሉ?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን እርምጃ ነው፤ እኔ ግን በሒሳብ ሊረጋገጥ ስለሚችል በጣም እወደዋለሁ። ካንቲሊቨሩ የተንጠለጠለበት ላስቲክ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚተጣጠፍ የሚገልጸው ቁጥር ኮምፕላያንስ ይባላል። ክንዱና ካርትሪጁ በአንድ ላይ ክብደት፣ ላስቲኩ ደግሞ ስፕሪንግ ስለሚሆኑ ሁለቱ በአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ ላይ በራሳቸው መወዛወዝ ይወዳሉ። ይህ ድግግሞሽ ዝቅተኛ ከሆነ የተጣመመ ሸክላ በዞረ ቁጥር ክንዱን ያስዘልለዋል፤ ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ ወደ ሙዚቃው ወፍራም ድምፅ ተጠግቶ ባሱን ያደበዝዛል። የጥመቱ እንቅስቃሴ በአብዛኛው ከ6 ኸርዝ በታች፣ ሙዚቃው ደግሞ ከ20 ኸርዝ በላይ ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ተመራጭ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የክንዱን ውጤታማ ክብደት፣ የካርትሪጁን ክብደትና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ይደምሩ፤ ድምሩን በኮምፕላያንሱ ቁጥር ያባዙ፤ የብዜቱን ስኩዌር ሩት ያውጡ፤ ከዚያም 159ን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። የሚገኘው ውጤት በኸርዝ ነው።

የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ክንድ 12 ግራም ውጤታማ ክብደት አለው እንበል። የኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 7.2 ግራም ይመዝናል፤ ኮምፕላያንሱ 20 ነው። ከብሎን ጋር ድምሩ 20 ግራም ይሆናል፤ 20 በ20 ሲባዛ 400፣ የ400 ስኩዌር ሩት 20፣ 159 ለ20 ሲካፈል ደግሞ 8 ኸርዝ ገደማ። በታችኛው ጠርዝ ላይ ቢሆንም ይሠራል።

አሁን ወደ ጃፓን አምራቾች ስንመጣ አንድ ወጥመድ አለ። ኦርቶፎን ኮምፕላያንስን የሚለካው በ10 ኸርዝ ሲሆን ኦዲዮ ቴክኒካና ዴኖን የሚጽፉት በ100 ኸርዝ የተለካውን ነው፤ ላስቲኩም በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ስለሚጠነክር የ100 ኸርዙ ቁጥር ሁልጊዜ አነስ ይላል። ሁለቱን ለማወዳደር የ100 ኸርዙን ቁጥር ከ1.5 እስከ 2 ባለው ማባዛት የተለመደ ነው። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 6.1 ግራም ይመዝናል፣ በ100 ኸርዝ 7 ይላል፤ በ1.75 ስናባዛው 12 ገደማ ይሆናል። በዚያው ክንድ ላይ ውጤቱ 10.5 ኸርዝ፣ ማለትም ከመሐል ነው። ዲኤል-103 በ100 ኸርዝ 5፣ ክብደቱም 8.5 ግራም ነው፤ በተመሳሳይ ስሌት 11.6 ኸርዝ አካባቢ ይደርሳል። ለዚህ ዓይነቱ ጠንካራ ካርትሪጅ ከበድ ያለ ክንድ ወይም ከበድ ያለ ሄድሼል የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ኮምፕላያንሱ በ10 ኸርዝ 35 የሆነና 6 ግራም የሚመዝን ካርትሪጅ በዚህ ክንድ ላይ ወደ 6 ኸርዝ ይወርዳል፤ እርሱ የሚፈልገው እጅግ ቀላል ክንድ ነው።

ውጤቱ 7.5 ወይም 12.5 ቢመጣ መደንገጥ አያስፈልግም። አምራቾቹ የሚጽፏቸው ቁጥሮች ራሳቸው ግምታዊ ናቸው፤ ስሌቱ የሚጠቅመው በግልጽ የማይስማሙትን ለማስወጣት ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ የመርፌው ጫፍ

ከዚህ በኋላ የቀሩት ካርትሪጆች ሁሉ በዕቃዎ ላይ ይሠራሉ። አሁን ጥያቄው ሸክላውን የትኛው ያነበዋል የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ከምርቱ ስም፣ ከቀለሙና ከገላው ዕቃ ሁሉ በላይ ወሳኙ አልማዙ የተቀረጸበት ቅርጽ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ሸክላው የመጨረሻ ዘፈን እንሂድ። ሸክላው ሁልጊዜ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል፤ የቦዩ ዙሪያ ግን ወደ መሐል በሄደ ቁጥር እያጠረ ይመጣል። በውጭኛው ጠርዝ ላይ ቦዩ ከመርፌው ሥር በሰከንድ ወደ 51 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ ከመሐል 6 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ግን ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የ10 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ፣ ለምሳሌ የጸናጽል ብልጭታ ወይም በዘፋኝ አፍ ውስጥ ያለው የ«ሰ» ፉጨት፣ በውጭ 51 ማይክሮ ሜትር ርዝመት ተሰጥቶት የነበረው በውስጥ በ21 ማይክሮ ሜትር ውስጥ ተጨቁኖ ይጻፋል። ክብ ጫፍ ያለው ኮኒካል መርፌ ራዲየሱ 15 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ የቦዩን ግድግዳ በሚነካበት ከፍታ ላይ የጫፉ ስፋት ራሱ ወደ 21 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል። የሞገዱን ሙሉ ርዝመት የሚያህል ጫፍ በሞገዱ ሸለቆ ውስጥ ሊገባ አይችልም። በሸለቆው አፋፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዝርዝሩም ይጠፋል፣ በቦታው የተዛባ ድምፅ ይወለዳል። የመጀመሪያው ዘፈን ጥርት ብሎ የመጨረሻው የሚሻክርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ኤሊፕቲካል የሚባለው እንቁላላማ ጫፍ ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደፊትና ወደኋላ ግን ጠባብ ነው፤ የተለመደው ልኩ 18 በ8 ማይክሮ ሜትር ነው። ለአብዛኛው አድማጭ መነሻ መሆን ያለበት እርሱ ነው። ከእርሱ በላይ የግድግዳውን ቁመት በረጅም ቀጭን መስመር የሚነኩ ጫፎች አሉ። ሺባታ የተባለው ለአራት ቻናል ሸክላ ተብሎ በጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጸ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከሰው ጆሮ በላይ ያለውን ረቂቅ ድግግሞሽ ማንበብ ይጠበቅበት ነበር፤ አራት ቻናሉ ቢቀርም ጫፉ በጥራቱ ምክንያት እስከ ዛሬ አለ። ማይክሮላይን ወይም ማይክሮ ሊኒየር የሚባለው ደግሞ ሸክላውን ከሚቆርጠው መርፌ ቅርጽ ጋር ይበልጥ የሚቀራረብ ነው፤ እያለቀ ሲሄድም ቅርጹን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል።

ዕድሜያቸውም ይለያያል። ኦዲዮ ቴክኒካ ለመርፌዎቹ የሚሰጠው ግምት ለኮኒካል 500፣ ለኤሊፕቲካል 300፣ ለሺባታ 800፣ ለማይክሮ ሊኒየር 1,000 ሰዓት ነው። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ 20 ደቂቃ ይፈጃል ብንል ኤሊፕቲካሉ 900 ገጽ፣ ማይክሮ ሊኒየሩ 3,000 ገጽ ያነብባሉ። ዋጋን በሰዓት ሲያካፍሉት ውድ የሚመስለው ጫፍ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ውድ ሆኖ አይገኝም፤ በየቀኑ ለሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ርካሹ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ከቅርጹ ሌላ አልማዙ የተተከለበት መንገድም ይታያል። በቦንድድ መርፌ ላይ ትንሽ የአልማዝ ቅንጣት በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ በማጣበቂያ ትያያዛለች፤ በኑድ ግን ሙሉው አልማዝ ራሱ ካንቲሊቨሩ ውስጥ ይተከላል። ኑዱ ቀላል ስለሆነ ፈጣን እንቅስቃሴን ይበልጥ በታማኝነት ይከተላል። በኦርቶፎን 2ኤም ሬድና ብሉ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይኸው ነው፤ ሁለቱም 18 በ8 ኤሊፕቲካል ናቸው፣ ብሉው ግን ኑድ ነው። የካንቲሊቨሩ ቁስ፣ ማለትም አሉሚኒየም፣ ቦሮን ወይም ሳፋየር መሆኑ ለውጥ አለው፤ በጀት የሚያጥረው ገዢ ግን ከቁሱ በፊት ቅርጹን ያስቀድም።

ለኮኒካል ጫፍ ፍትሕ ልንነፍገው አይገባም። የአገጣጠም ስሕተትን ከሁሉ ይበልጥ ይታገሣል፤ ሸክላን ወደኋላና ወደፊት እያንቀሳቀሱ ለሚጫወቱ ዲጄዎችም የሚመረጠው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየተሠራ ያለው ዲኤል-103 ራሱ ኮኒካል ነው፤ በቃናው ብቻ የሚወዱት ብዙ ናቸው። ረቂቅ ጫፍ በአንጻሩ በጥንቃቄ ካልተገጠመ ጥቅሙን ያጣል። የካርትሪጁ አቀማመጥ የሚስተካከልበትን መለኪያ ወረቀት ይዞ ለመቀመጥ ትዕግሥት የሌለው ሰው ኤሊፕቲካል ላይ ቢቆም የተሻለ ነው።

አምስተኛ እርምጃ፦ የኤሌክትሪክ ጭነት

ይህ ክፍል ሙቪንግ ማግኔት ለመረጠ ሰው ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል 47 ኪሎ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም ያለው መግቢያ ይፈልጋሉ፤ ፕሪአምፖቹም ይህንኑ ይሰጣሉ። የሚለያዩት በሚፈልጉት ካፓሲታንስ (ገመድና መሣሪያ ኤሌክትሪክ የማከማቸት ባሕርይ) ነው። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ዝርያዎች ከ100 እስከ 200 ፒኮ ፋራድ፣ የኦርቶፎን 2ኤም ዝርያዎች ከ150 እስከ 300 ፒኮ ፋራድ ይፈልጋሉ። ይህን የሚያሟላው የሦስት ነገሮች ድምር ነው፦ በክንዱ ውስጥ ያለው ሽቦ፣ ወደ ፕሪአምፑ የሚሄደው ገመድና ፕሪአምፑ ራሱ።

ለምሳሌ ክንዱ 80፣ ገመዱ 100፣ ፕሪአምፑ 150 ቢኖራቸው ድምሩ 330 ፒኮ ፋራድ ይሆናል። የቪኤም95ኢ ጥቅል ሽቦ 550 ሚሊ ሄንሪ ኢንዳክታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የመቃወም ባሕርይ) ስላለው ከዚህ ጋር ተደምሮ በ12 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ጉብታ፣ ማለትም ከልክ በላይ የጎላ ድምፅ ይፈጥራል፤ አድማጩም ካርትሪጁ «ይጮኻል» ብሎ ያማርራል። ድምሩ 150 ቢሆን ኖሮ ጉብታው ከ17 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይሸሽ ነበር። ካርትሪጁን ከመውቀስ በፊት አጭርና ዝቅተኛ ካፓሲታንስ ያለው ገመድ መሞከር፣ ፕሪአምፑ ማስተካከያ ካለው ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ማድረግ ተገቢ ነው።

ለዝቅተኛ ሙቪንግ ኮይል ካፓሲታንሱ ብዙም አያስጨንቅም። የመግቢያው ኦም ከካርትሪጁ ውስጣዊ ኦም አሥር እጥፍ ገደማ ይሁን የሚለው የቆየ ልማድ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በጆሮ ማስተካከል ይቻላል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የሚያዳምጡት ሸክላ ዓይነት

ስብስብዎ በአብዛኛው ስቴሪዮ ከሆነ እስካሁን ያለው ይበቃል። ብዙ ሞኖ ሸክላ ያለው ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው የተጻፈው በአግድም እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ወደላይና ወደታች የሚሄደው እንቅስቃሴ በአብዛኛው አቧራና ጭረት ነው። ትክክለኛ የሞኖ ካርትሪጅ ይህን ቁመታዊ እንቅስቃሴ ስለማይሰማ፣ ያረጀ ሞኖ ሸክላ በእርሱ ሲጫወት የሚንጫጫው ድምፅ በጉልህ ይቀንሳል። አምፕሊፋየሩ ላይ የሞኖ ቁልፍ ካለ ከዚህ ጥቅም አብዛኛውን ያለ ተጨማሪ ወጪ ያገኙታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን ይሞክሩ።

በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንት ሸክላዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ቦያቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ከመጣው ሎንግ ፕሌይ ቦይ በጣም ስለሚሰፋ 75 ማይክሮ ሜትር ገደማ ራዲየስ ያለው መርፌ ያስፈልጋቸዋል። በተራ ስቴሪዮ መርፌ ማጫወት ጫፉን በቦዩ ወለል ላይ ያስጎትተዋል፤ ድምፁ ሻካራ ይሆናል፣ መርፌውም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ግዢው

ሁለት ካርትሪጆች እኩል ሲሆኑብዎ መርፌው በእጅ ተነቅሎ የሚለወጠውን ይምረጡ። የቪኤም95 ገላ አንድ ዓይነት ሆኖ ከኮኒካል እስከ ማይክሮ ሊኒየርና ሺባታ፣ እንዲሁም ለ78 የሚሆነውን መርፌ ይቀበላል። በ2ኤም ዝርያ ደግሞ የሬድ ገላ የብሉን፣ የብሮንዝ ገላ የብላክን መርፌ ይይዛል። በዚህ መንገድ ዛሬ በኤሊፕቲካል ጀምሮ ነገ ብሎን ሳይፈቱ ማደግ ይቻላል። በሙቪንግ ኮይል ላይ ግን ይህ በአብዛኛው አይሆንም፤ ጫፉ ሲያልቅ ካርትሪጁ ወደ አምራቹ ተመልሶ ይለወጣል ወይም ባለሙያ አዲስ ጫፍ ይተክልበታል።

ያገለገለ ካርትሪጅ ሲገዙ ስለ ገላው ሳይሆን ስለ ጫፉ ይጠይቁ። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ካንቲሊቨሩ ከፊት ሲታይ ቀጥ ያለና በመሐል የቆመ መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ብርሃን ሲያርፍበት በሁለቱ ጎኖች ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ፊት ከታየ አልቋል ማለት ነው። ስንት ሰዓት እንደሠራ በማይታወቅ መርፌ የሚወዱትን ሸክላ አያጫውቱ። ማምረቻቸው ለቆመ ካርትሪጆች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅ መሥራት ላቆመው ለሹር፣ በሌሎች የተሠሩ ምትክ መርፌዎች ይገኛሉ፤ ጥራታቸው ግን ከመልካም እስከ መጥፎ ስለሚለያይ የጫፉ ቅርጽና ጫናው በግልጽ ያልተጻፈበትን አይግዙ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ መግጠምና በጆሮ ማረጋገጥ

ከመንካትዎ በፊት የመርፌውን መከለያ ይግጠሙ፤ መርፌው የሚነቀል ከሆነ ነቅለው ያስቀምጡት። አራቱን ሽቦዎች በወረንጦ ከብረት መያዣቸው ይዘው እንጂ ከሽቦው ይዘው አይጎትቱ። ነጩ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው የግራ ኔጌቲቭ፣ ቀዩ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴው የቀኝ ኔጌቲቭ ነው። ብሎኖቹን ካርትሪጁ መንቀሳቀስ እስኪችል ድረስ ብቻ ያላሉ፤ ከዚያ በመለኪያ ወረቀቱ ሁለት ነጥቦች ላይ የካርትሪጁ ጎን ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ እስኪሆን ያስተካክሉና ያጥብቁ።

ጫናውን በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይለኩ። አምራቹ ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ካለ መሐሉን ወይም ከመሐሉ ትንሽ ከፍ ያለውን ይያዙ። ቀላል ጫና ሸክላን ያድናል የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ጫናው ያነሰው መርፌ ከግድግዳው እየዘለለ ሲመለስ ቦዩን ይመታዋል፣ ይህም በልኩ ከተጫነው መርፌ የበለጠ ይጎዳል። ካርትሪጁ ከፊት ሲታይ ቀጥ ብሎ፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ከሸክላው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቁም።

ላስቲኩ እስኪላላ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ድምፁ ጠበቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያው ቀን አይፍረዱ። ከዚያ በኋላ በደንብ የሚያውቁትን፣ የሰው ድምፅ ያለበትንና ንጹሕ የሆነ ሸክላ ያውጡና የመጨረሻውን ዘፈን ያጫውቱ። «ሰ» እና «ሸ» በሁለቱም ስፒከሮች ከሻከሩ አቀማመጡን በመለኪያ ወረቀቱ እንደገና ይመልከቱ። በአንዱ ብቻ ከሆነ ወደ ውስጥ የሚጎትተውን ኃይል የሚቃወመውን ማስተካከያ በጥቂቱ ይንኩ፤ የሚሻክረው የቀኙ ከሆነ ይጨምሩ፣ የግራው ከሆነ ይቀንሱ። ሁሉም ተስተካክሎ የመጨረሻው ዘፈን ብቻ አሁንም የሚሻክር ከሆነ መርፌውን ወደ ረቂቅ ጫፍ መቀየር የሚያዋጣው ያን ጊዜ ነው፤ ማጫወቻውንና ፕሪአምፑን መንካት አያስፈልግም።